አትንከሰው

ማክሰኞ ማታ፣ ቤርሼባ፣ ከደረጃ ስር፣
የሕዝብ መጠለያ፣ የብረት በር።
አውቶቡሴን አቁሜ፣ ሸሚዜን ሳልቀይር፣
በበረሃው አየር የደረቀ ሸምበቆዬን በምራቄ ሳርሰው፣
ፊማ መምህሬ፣ የሚንስኩ ሰው፣
ጣቱን አገጬ ላይ ያሳርፋል፦ «አትንከሰው።»

እንዴት አልነክስ?
ከንፈሬን ነክሼ ነው የኖርሁት፤
ተሳፋሪ ሲሰድበኝ፣ ኃላፊ ሲያመናጭቀኝ
ነክሼ ዋጥሁት።
ያየኝ ሰው ደግሞ ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ይህ ጥቁር እንጨት ግን ሁለቱንም አይወድ።
«ሆድህ ይግፋ፣ ከንፈርህ ይያዝ» ይላል ፊማ፤
ሳጠብቅ ሲጥ፣ ሳላላ የተበሳ ጎማ።

ከዚያ ትዝ አለኝ ዳገት ላይ መንዳት የተማርሁ ቀን፦
ፍሪሲዮን በግራ፣ ነዳጅ በቀኝ፣
ግራው ሲነሳ ቀኙ ሲጫን፣
መኪናዋ ወደፊትም ወደኋላም ሳትል
የምትንቀጠቀጥባት ያቺ ነጥብ።

እዚያች ላይ ቆምሁ።
ሆዴ ገፋ፣ አገጬ ረጋ፣
ከንፈሬ ጥርሴ ላይ እንደ ትራስ ተኛ፣
ዝቅተኛው ድምፅ ወጣ፦ ክብ፣ ወፍራም፣
የሲሚንቶው ግድግዳ እስኪሰማው።
ፊማ አላደነቀም። ሰዓቱን አየ፦ «ዐሥራ አንድ ሴኮንድ።»

ረቡዕ ጠዋት፣ ስምንት ቁጥር ላይ፣
አንዱ «ዘገየህ!» ብሎ ጮኸብኝ።
ከንፈሬን ልነክስ ስል
አየር ሳብሁ፣ እስከ እምብርቴ።