ቀሪ

ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ ዱሉዝ፣ የሐይቁ ዳር በረዶ ለብሷል፤
ከማርያታ ጠረጴዛ ላይ ዝርዝሩ አድሮ ደርሷል፤
ሁለት ሳምንት ከክፍል የጠፉ፣ አሥራ አንድ ስም በቀይ፣
አሥራ አንድ ባዶ ወንበር፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የማይታይ።

የቢሮዋ ስም ረጅም ነው፣ ሲያነቡት ትንፋሽ ይጨርሳል፤
«የተማሪዎች ስኬትና ቆይታ ማስተባበሪያ» በሩ ላይ ተለጥፏል።
ውስጡ ግን ጠባብ ክፍል ነው፣ ከደረጃው ግርጌ ሥር፤
አንድ ስልክ፣ ሁለት ወንበር፣
የታሸገ ሾርባ የሞላው፣ ሳይቆለፍ የሚያድር
የብረት ቁም ሣጥን፣ ማን ወሰደ ብሎ የማይቆጥር።

ስድስተኛው ስም፦ ቤላንገር፣ ድዌን። ኤሌክትሪክ፣ አንደኛ ዓመት።
በመጀመሪያው ጥሪ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለባት።
በሁለተኛው እህቱ አነሳች፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፦
«ተኝቷል፤ ሌሊት ፋብሪካ ነበር፤ ጫማውን አላወለቀም» አለቻት።

ሦስተኛው ስልክ። ሐሙስ ማታ።
«ምን አጠፋሁ?» አለ ድምፁ፣ ለጠብ ይሁን ለይቅርታ
ያልለየለት።
«ምንም። ወንበርህ ባዶ ሆኖ ባየው ጊዜ ነው የደወልኩት።»
ዝም አለ። ዝምታውን ታውቀዋለች፣ አትሞላውም፤
ሃያ ዓመት ስልክ ይዛ የተማረችው ይህን ነው፣ ሌላ ጥበብ የላትም።

መጽሐፍ መስሏት ነበር የጎደለው፣ ወይ ሒሳብ ያስቸገረው፤
የመኪናው ባትሪ ነው።
መቶ አርባ ዶላር። ከክሎኬ እስከዚህ ሃያ ማይል፣ በረዶ ላይ፤
አውቶቡሱ በቀን አንዴ፣ እሱም ከፈረቃው ጋር የማይተያይ።

ማርያታ ቅጽ ይዛ ዞረች፣ ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ፎቅ፤
«ለባትሪ ሰው ትምህርት ይተዋል?» አላት የሒሳብ ሹሙ በሣቅ።
«አንተ ዛሬ በምን መጣህ?» አለችው።
ፈረመ፤ ወረቀቱንም በሁለት ጣት ገፋ አደረገው።

ድዌን ሲመለስ ኋላ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ።
ማታ ማታ ሊንድግሬን አለ፣ ጡረተኛ የባቡር ሰው፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ መጥቶ
ክፍልፋይን በፉርጎ የሚያስረዳ፦
«ሦስት አራተኛ ማለት አራት ፉርጎ ነው፣ የአንዱ ሆድ ባዶ፤
ባቡሩ ግን አይቆምም ልጄ፣ ይሄዳል በሐዲዱ ወርዶ።»

የመንፈቁ ሪፖርት ወጣ፦ ስልሳ አንድ የነበረው ስልሳ አራት ሆነ በመቶ፤
ዲኑ ኬክ ቆረሰ፣ ከረባት አሥሮ መጥቶ።
ማርያታ ግን መሳቢያዋ ውስጥ ሌላ ወረቀት አላት፣
በሦስተኛውም በአራተኛውም ስልክ ያልመለሱላት፤
አንዲቱ ነርስ ልትሆን ነበር፤ አንዱ ብየዳ፤
አንዱ ምን ሊማር እንደመጣ እንኳ ሳይነግራት።
ለኬኩ አልወጣችም።

በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፤ «ቀረ» ስንል ሁለት ነው ፍቺው፦
አንዱ ሳይመጣ የቀረው፣ አንዱ ሌላው ሲሄድ የቀረው።
ስም ጠሪ «ቀሪ!» ሲል የጠፋውን ነው፤
ሒሳብ ያዥ «ቀሪ» ሲል በእጁ ያለውን ነው።
ማርያታ ይህን አታውቅም፤ ሥራዋ ግን ይኸው ነው፤
ቀሪውን ቀሪ ማድረግ።

ሚያዝያ። የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ እስከ ቢሮዋ ይሰማል።
ዝርዝሩ ገና አልደረሰም፤ ስልኩ ግን ቀድሞ ይጮኻል።
«ድዌን ነኝ። ዛሬ እቀራለሁ። እህቴን አሟታል፤
ሌሊቱን ሙሉ አተኩሷታል።»
እሷ ስትደውል ነው የኖረችው፤ «እቀራለሁ» ብሎ የደወለላት የለም፤
ለመቅረት እኮ ቦታ ያሻል፤ ቦታ የሌለው ሰው አይቀርም፣
ዝም ብሎ ይጠፋል እንጂ።

«ነገስ?» አለችው።
«ነገማ አለሁ። ፈተና አለ አይደል?»
ከጀርባው ትንሿ ልጅ ስትስል፣ ውኃ ሲንቆረቆር ተሰማ።
ማርያታ የሾርባውን ቆርቆሮ በዓይኗ ቆጠረች፤ ሁለቱን ለይታ አስቀመጠች።
ከዚያም ስልኩን ሳትዘጋው፣ በአውራ ጣቷ ብቻ ጫን አድርጋ፣
የሌላ ሰው ቁጥር መታች።