ቀይዋ ማንቆርቆሪያ

ሐረጎን ጨርሼ ቁልቁል ወደ ቆላ፣
ብልጭ አለች ቀይዋ ከመሪዬ ኋላ፤
ማንቆርቆሪያ መሳይ፣ ከአፏ ላይ ጠብታ፣
ስረግጠው ድርግም፣ ሳነሣው ቦግታ።
«ውዱእ አርግ ማለቷ ነው» አሉኝ ሼህ ሐሰኖ፣
ሣቅሁ፤ ግን ሣቄ ግማሽ፣ ግማሹ ላብ ሆኖ።

ኮሮላዋ ሁለት ባል ፈትታ ነው እኔ ጋ የመጣች፣
ቆጣሪዋ ዞሮላት ከዜሮ የጀመረች፤
ጭስ የላት፣ ዘይት አትጠጣ፣ ሳትለምን የምትሠራ፤
አሮጊት ዝም ስትል ነው ለካስ የሚያስፈራ።

መናኸሪያ ውስጥ ምክር እንደ አቧራ በነጻ ነው፦
አንዱ «ወፍራም ዘይት ጨምር፣ ድምፁን እሱ ነው የሚያፍነው»፣
አንዱ «ሽቦዋን በጥሳት»፣
የሲኖትራኩ ወሰኑ ደግሞ «ጥቁር ፕላስተር ለጥፍባት፤
ዓይን ያላየውን ልብ አይጨነቅበት!»

ለጠፍኩባት።
እውነቱ ይኼ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ደሴ ኮምቦልቻ፣
ቀን ቀን የሚታየኝ ጥቁር ካሬ ብቻ።
ሲመሽ ግን፣ በርበሬ ወንዝ ድልድይ ላይ ሰው ላወርድ ስቆም፣
በፕላስተሩ ጠርዝ ዙሪያ ቀይ ክር፣ ቀጭን፣ እንደ ደም።

ሄድኩ ወደ አበጋዝ ጋራዥ፣ ከቦርከና ማዶ፤
አልተሳደበም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ሊቤሎውን ስቦ ሰዶ
ዘይቱን ልኩ ላይ አገኘው። በሁለት ጣቱ አሸው፣ አሸተተ፤
«ውሃም ቤንዚንም የለበት» ብሎ ጨርቁን ኪሱ ከተተ።
«ደሴስ?»
«ደሴ ላይ ዝም ነች፣ ጦሳ ሲነፍስባት፤
እዚህ ሙቀቱ ጋ ነው ነገር የሚነሣባት።»
«እንግዲያ ብርዱ ነው፣ ዘይቱን አወፍሮ የሚሸፍንላት።»

ቡልቦዋን ፈታ፦ «መጀመሪያ ምስክሩን መርምር፣
ከዚያ ነው ተከሳሹ ላይ የሚፈረድ፣ ይመር።»
አዲስ ቡልቦ አሰረ። አስነሣን፤ ጠበቅን፤ ሞቀች፤
ያቺው ቀይ ጠብታ ተመልሳ መጣች።
ፊልትሮም ቀየረ። ያው።
በማግስቱ ጠዋት በቡልቦው ቀዳዳ ማኖሜትሮ ሰካ፤
አራት ብሎ የተነሣ መርፌ፣ ስትሞቅ አንድን አልነካ።

ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ
እጀታውን በጥርሱ ነከሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ።
ጆሮው ወፍጮ ቤት ሲሠራ ነው፣ በልጅነቱ፣ የደከመ፤
በጥርሱ ነው የሚሰማ የትኛው ብረት እንደታመመ።
«ብሮንዟ ናት።
ፖምፓዋ ደህና ትገፋለች፤ የሚቀበላት ግን ሰፋ፤
በብሮንዙና በኮሎው መሃል ዘይቱ ሾልኮ ጠፋ።
ጫማህ ሲሰፋ ካልሲ ትደርባለህ። እሷ ምን ትደርብ?»
«ወፍራም ዘይትስ?»
«ልትሸጣት ከሆነ ጨምር። ገዢው ግን የማን ልጅ እንደሆነ አስብ።»

እጁን ሊጠርግ፣ ጨርቅ ፍለጋ፣ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈተ፤
የቦሩ ሜዳ ሐኪም ወረቀት አየ፣ ያልተነካ ክኒን ጎተተ።
«ያንተም ግፊት?»
«የኔስ ከፍ ብሏል አሉ።»
የሷ ወርዶ፣ የኔ ወጥቶ። ቀልድ ነበር፤ አበጋዝ አልሣቀም፤
ዳሽቦርዱ ላይ የቀረውን ሙጫ በጥፍሩ ፋቀና
«ይኼስ» አለ፣ ክኒኑን ደረቴ ላይ አስደግፎ፣ «ፕላስተር አይደለም?»

ኮፓዋ ወረደ። ብሮንዙን መዳፌ ላይ ጣለ፣
ነጩ ተልጦ መዳቡ የቀላ፣ እንደ ጥፍር የሳሳ፣ የቀለለ።
ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት ቀን አለ።

ማታ በሰው ሚኒባስ፣ ጋቢና፣ ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ፣
አንገቴ ሳላዘው ወደ ሾፌሩ ሰሌዳ ተቀጣ።
«ምን ጠፋህ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩ።
ከነዳጅ ልኩ ግርጌ ጥቁር ካሬ፣ በጥንቃቄ የተለጠፈ።
ኋላ አሥራ አንድ ሰው፤ ግማሹ እንቅልፍ ያሸለበው።
ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ማርሽ ሊቀይር እግሩን ሲያነሣ፣
ጠርዙ ቀላ።