መሬታችሁ ቀጭን ነው

አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ ከቆመ ሁለት ክረምት አለፈው፤
ፒያሳ ከላይ ሲታይ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ያልደረቀ ሲሚንቶ ነው።
አምስት ሰዎች ነን። ስድስተኛዋ ጄኔሬተሯ ናት፤
ስትስል ሁላችንም "ሴቭ አርጉ!" እንላለን በአንድ አንደበት።

ጨዋታ አንሠራም፤ የጨዋታ መሥሪያ ነው የምንሠራ፤
ሰኞ ማክሰኞ የሚዘለው ሌላ ነው፣ እኛ ጠመኔው ጋ ነን፣ ከመስመሩ ጋራ።
"አንዴ ሥራው" ይላል ኤፍራታ ያወጣችው ማስታወቂያ፣ "የትም አጫውተው፣
በስልክ፣ በኮምፒውተር፣ ጎረቤት በሰቀለው ቴሌቪዥን ክፈተው።"
ስሙን "ጭቃ" አልነው። ባንክ ቤት ብድር ስንጠይቅ ሰውዬው ሳቀ፤
"ጭቃ መያዣ አይሆንም" ብሎ ፎርማችንን በጣቱ ጫፍ ገፋ፣ አራቀ።
ቶለሳ ግን ስሙን አልለውጥም አለ፦
"ሰው ራሱ ከምን ተሠራና! ከዚህ የሚልቅ ምን አለ?"

ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ስልክ ተኝቷል፣ በየገመዱ ታስሮ፤
አንዱ የአክስቴ፣ አንዱ ድምፁ የጠፋ፣
አንዱ ከመርካቶ የመጣ፣ በስንት ክርክር ዋጋው ተሰብሮ።
በአሥራ ሁለቱም ኳሷ ወረደች፣ መሬት ነካች፣ ተመለሰች፤
ሙባረክ አጨበጨበ፤ ኤፍራታ ጧት የገዛችውን ፓስታ ገና አሁን አስታወሰች።

ማታ ወደ ምድር ቤት ስንወርድ ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ በሩ ሥር ነበር፣
ካፖርቱን እስከ ጆሮው ሰብስቦ፣ ሬዲዮው ስለ ማዳበሪያ ሲናገር።
"ለእኔስ ስልክ ይሆናል ወይ?" አለና ከኪሱ መዘዘው፤
ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ ፊቱን ስንጥቅ የወረሰው።
ጫንንለት። ደረጃው ላይ ተደራርበን አንገት አሰገግን፤
ኳሷ ከሰማይ ስትመጣ ትንፋሻችንን ዋጥን።
ወረደች፣ ወረደች፣
መሬቱን አለፈች፤
ስም ወደሌለው ጥቁር ገባች።
ጋሽ ሽብሩ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጥቂት ዝም አለና፣
"መሬታችሁ ቀጭን ነው" አለ፣ እንደ ሐኪም፣ በትሕትና።

ሌሎቹ ሄዱ። እኔ ሌሊቱን ፈለግኩት። ጥፋቱ የመሬቱ አልነበረም፤
ስልኩ ያረጀ ነው፤ ዓለምን በጥቅሻ እንጂ አፍጥጦ አያይም።
በአንዱ ጥቅሻ ኳሷ ከመሬት በላይ ናት፣
በሚቀጥለው ከመሬት በታች።
መቼ ነካችው? መቼም። በሁለቱ መሃል አልነበረች።

ጎህ ሲቀድ አንገቴን ላፍታታ መስኮቱን ከፈትኩት፤
ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጥግ ፈለግኩት፣ አጣሁት።
የልብስ ሰፊው የአቶ ዘርጋው ሰማያዊ በር
ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ነበር፤
ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር።
ረቡዕን ማን አያት?
እኔ ኳስ ሳነጥር ዋልኩባት፣
ጩኸቱንም ሰምቼ ጄኔሬተሯ መስሎኝ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል።
ሕፃናት እንኳ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ቀን የዘለለ ይቃጠላል።

መድኃኒቱ ሦስት መስመር ነው። ኳሷን "የት ነሽ?" ብቻ አትበላት፤
"ከየት መጣሽ? በምን በኩል አለፍሽ?" ብለህ መንገዷን ጠይቃት።
ጻፍኩት። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሯ ሳለች፣ ሳለች፣ ተነሣች።
በጋሽ ሽብሩ ስልክ ላይ ኳሷ ወረደች፣
ነካች፣
ነጠረች።
እሱ አልተደነቀም። "ወፈረ" አለ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና።

የለውጥ ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦
"በአሮጌ ስልክ ኳስ መሬት የምታልፍበት ጉድለት ታርሟል።"
ግራጫ ሱሪዬ አቶ ዘርጋው ጋ ናት።
ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ አለ፤
"ረቡዕ ይውሰዱ" ይላል።