የገመዱ ጫፍ

ገመዱን ያዝኩለት በወዲህኛው ጫፍ፣
እሱ ወዲያ ቆሟል፣ ከገዛ ሱቁ ደጃፍ፤
ቡሬ፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም፣
ከንቲባ ቢያዝን ልየው መንገድ ሲተልም።

ድሮ በቅሎ ጭኖ ዐባይን የወረደ፣
በርበሬ ሰጥቶ ጨው፣ በጨው አቡጀዲ፣ ሲለውጥ የነገደ፣
ሹመት ሲመጣበት «ምን ላተርፍ?» አላለም፤
«ስንት ጉድጓድ አለን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ፣ «ስንት ድልድይ የለም?»

ለማዘጋጃ ቤቱ ወንበር ከቤቱ አመጣ፣
ለፋኖሱም ላምባ ከበርሜሉ ቀዳ፣ ጨረቃ ስትታጣ።
ሰው ግን ሰው ነውና፣ በጠላ ቤት ሲያማ፣
«ሌባ ሱቁን እንዳይነካ ነው» ሲባል ሰማ።
ሳቀ፤ «እውነት ነው» አለ፣ «የኔም ሱቅ አለበት፤
ብርሃን እኮ አይጠይቅም፣ ይህ የማነው ቤት።»

ያን ቀን ገመዱ ተወጥሮ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣
በአረቄ ቤቱ፣ በእማሆይ ጥሩወርቅ አጥር፣ በሾላው ግንድ፣
ሄዶ ሄዶ ገባ ከሱቁ እኩሌታ፣
ከሚዛኑ አጠገብ፣ ከጨው ማስቀመጫው ቦታ።
ጸጥ አልን።
እኔ ጸሐፊው፣ እንጀራዬን ከእጁ የምበላ፣
ችካሉን ነቀልሁ፤ መንገዱ የእማሆይን ጎመን ይብላ!

አላየኝም ብዬ ነበር። አየ።
ችካሉን ተቀብሎኝ ከቀዳዳው መለሰ፤ በድንጋይ መታ፤ ድምፁ ግን አልተለየ፦
«ልጄ፣ ሚዛን ይዤ ኖሬአለሁ፤
ጣት ሲያርፍበት ከሩቅ አውቃለሁ።»

ግማሹ ሱቅ ፈረሰ፣ መደርደሪያው ለፀሐይ ተሰጣ፣
በርበሬው ከነፋስ ገጥሞ፣ መንገደኛው እያስነጠሰ መጣ።

ዛሬ አውቶቡስ ያልፍበታል፤ ሐውልትም የለው፤
ያቺን የችካል ቀዳዳ የሚፈልጋት፣ የኔ እግር ብቻ ነው።