ጭንቅላቱን ብቻ

ጊማራይንሽ ላይ ፋብሪካ ሲሞት
ቄስ አይጠራም ለፍትሐት፤
እኔን ነው የሚጠሩኝ፣ ቤልሚሮን፣
ባለ ገመዱን፣ ባለ ክሬኑን፣
ጫማ ሲሰፋ የኖረውን ማሽን
ከነሥሩ ነቅዬ የምጭነውን።

መጋዘኔ ወንዝ ዳር ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፤
ሰባ ሁለት ማሽን ላስቲክ ለብሶ ገዢ ይጠብቃል።

ዝናቡ በያዘ በሦስተኛው ቀን
አንዲት ሴት ገባች አንጠልጥላ ዘንቢሏን።
አዶዚንዳ ትባላለች፤ ወንበር አልባሽ ናት፤
የጀልባ መቀመጫ፣ የሆቴል ሶፋ፣
የጥርስ ሐኪም ወንበር የሚያመጡላት።
«የሚሰፋ ማሽን» አለችኝ።
«እዚህ ያለው ሁሉ ይሰፋል» አልኳት።
«እሱን እናያለን» አለች፣ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ።

መጀመሪያ ወደ አዲሱ መራኋት፤
ነጭ ነው፣ እንደ ሙሽራ፣
መርፌው ሥር መብራት የሚያበራ፣
ክሩን በራሱ የሚበጥስ፣ ሞተሩ የማይጮህ።
ምላሴ ሲሸጥ ቅቤ ነው፤ አወራሁ፣ አወራሁ፤
እሷ ዘንቢሏን ፈታች፤
አራት እጥፍ የበሬ ቆዳ፣ ስፖንጅ፣ ገመድ የገባበት ጠርዝ፣
እንደ ዶሮ ብልት ለይታ ደረደረች።
«ይህን ይብላና እንነጋገር።»

ነጩ ሁለቱን በላ፤ ሦስተኛው ላይ አቃሰተ፤
ታችኛው ቆዳ ሲሄድ ላይኛው ጎተተ፣
ተኮራርፈው ገበያ እንደ ወጡ ባልና ሚስት።
«እግሩ ይረግጣል እንጂ አይራመድም» አለች፤
«ለሸሚዝ ይሁን።»

ሁለተኛው ክንዱ እንደ ቧንቧ የወጣ፣
ለቦርሳ ነው፣ ለጫማ አንገት፤
«ሶፋ ሙሉውን ተሸክሜ የት ላሳርፈው?» ብላ አለፈችው።
ሦስተኛው ፔዳሉን ገና ሳትነካው
እንደ ደነበረ በቅሎ ፈረጠጠ።
እጇን ሰበሰበች።
«አሥር ጣት ይዤ ነው የመጣሁት፣ ቤልሚሮ፤
አሥሩንም ይዤ ነው የምሄደው።»

ጥግ ላይ አንድ ነበረ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
እኔ ራሴ የረሳሁት፣
ሸረሪት ያደራችበት።
«ኤሌክትሪኩን አትሰካው» አለችኝ።
መዘውሩን በእጇ አዞረች፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣
ሕመምተኛ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ዐይኗን ጨፍና።
መርፌው ወረደ፤
እግሩም፣ ከታች ያለው ጥርስም አብረውት ሄዱ፣
አስከሬን እንደ ተሸከሙ ሰዎች፣ ሳይቀዳደሙ።
አራቱን እጥፍ ከነስፖንጁ ወጣው፤
አንድ ስፌት አልዘለለም።
ሌላ ገዢ ፊቱን ያያል፤
እሷ ጀርባውን ገለበጠች፣
በጥፍሯ ፈለቀቀች፣ በጥርሷ ሳበች፤
ክሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ተቀመጠች። ዝም አለች።
ጠረጴዛው በግራ በኩል ጎድጉዷል፤
እንጨቱ እንደ ማንኪያ ሆድ ለስልሷል፣
የሰው ክርን፣ ሠላሳ ዓመት ይሁን አርባ፣ የበላው።
«እዚህ ማን ነበር?»
«እንጃ» አልኳት።
እኔ የማሽን ቁጥር እንጂ የሰው ስም አልመዘግብም።
ክርኗን ልታሳርፍ ሞከረች፤ አልደረሰም፤ አጭር ናት።
«ጭንቅላቱን ብቻ ሽጥልኝ፤
ጠረጴዛው የሰው ነው።»

ስምንት መቶ ዩሮ አልኩ፤ ስድስት አለች፤
ሰባት ላይ ተያየን።
ቀስ የሚል ሞተር ልገጥምላት፤
ሁለት ጠርሙስ ዘይት መረቅኩላት።
አርባ ኪሎ ነው ጭንቅላቱ፤
ከወንድሟ ልጅ ጋር ለሁለት አንስተን
በዝናቡ ወደ መኪናው ወሰድነው፣
እኩል እየረገጥን።

ማታ መጋዘኑን ልዘጋ ስል
ጠረጴዛው መሐሉ ተቦርቡሮ ቆሟል።
ሌላ ቀን ቢሆን ማገዶ ነው እል ነበር።
ወንበር ሳብኩ።
ማንም አያየኝም።
ክርኔን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥኩት፤
ሰፋኝ።