መሪ የሌላት

ኮምቦልቻ ነው ያየኋት፣ ያችን ትንሽ ሎደር፣ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ፣
አንድ ክንዷ ዝጎ፣ መስታወቷ ተሰባብሮ።
ቢጫ ነበረች አሉኝ፤ አሁን የጭቃ መልክ ይዛለች፤
ቁመቷ ከበሬ ብዙ አይበልጥም፣ እንደ ወይፈን ግን ታፈጣለች።

ደላላው ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ ገፍቶ፣
"አራት ሺህ ሰዓት ብቻ!" አለኝ፣ ቆጣሪዋን በጣቱ ነክቶ።
ቆጣሪውማ ይላል። የቆመበትን ቀን ግን ማን ያውቃል?
የሞተ ሰው ዕድሜም እንዲሁ፣ በሞተበት ቀን ይቆማል።

ሙሄን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሙሄ ወሬ አያበዛም።
ሳያስነሣት፣ ሳይነካካት፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣
መዳፉን ከኮፈኗ ላይ አሳረፈ፣ ቀስ።
"ሞቃለች" አለኝ በሹክሹክታ።
"ሳንመጣ አሙቀዋታል። ብርድ ላይ አትነሣም ማለት ነው፣ ጌታ።
ነገ እንምጣ፣ ሳንናገር፣ በጠዋቱ፣
ዘበኛው ጋቢውን ሳይገልጥ ከፊቱ።"

መጣን። ሳለች። ዝም አለች። ደግማ ሳለች።
በአራተኛው ነጭ ጢስ ተፍታ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሣች።
ሙሄ ከሆዷ ሥር ተጋድሞ የሚንጠባጠበውን ዘይት ቆጠረው፤
በየጠብታው ዋጋው ወረደ፤ ደላላውን ጫቱ መረረው።

የአይሱዙዬን ድርሻ ሸጬ፣ በሎቤድ ጭኜ ሐርቡ አገባኋት፤
"ለኪራይ ናት?" ያላለኝ የለም። "ለራሴ ናት" ስል ሳቁባት።
ሰው ለራሱ በግ ይገዛል፣ ሰው ለራሱ ጋቢ ይገዛል፣
ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ በምን ዕዳው ብረት ይገዛል?
ሰዓዳ ከደጅ ቆማ፣ የአካፋዋን ድድ አይታ፣ ሦስት ጥርስ ብቻ ቢቀራት፣
"ጣውንት ማምጣትህ ካልቀረ" አለችኝ፣ "ምናለ ጥርስ ቢኖራት!"

ምን ልበላቸው?
ሁለት ክረምት ሆነው፣ ቦርከና አልጋውን ትቶ ከአባቴ ማሳ ካደረ፤
ማሾውን ወሰደ፣ ማሽላውን ወሰደ፣
ድንጋዩን ግን አደራ ብሎኝ ሄደ።
በዶማ ሞከርኩት። በቀን ሠራተኛ ሞከርኩት።
ወገቤ "አብሽር" ሲለኝ ከረመ፤ አንድ ቀን ዝም አለ፤ ያኔ ፈራሁት።

ሠላሳ ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ የባቲን ቁልቁለት፣ የሚሌን ሙቀት፣
በክቡ ነው የማውቀው፣ የመንገዱን ጠባይ፣ የዓለሙን ስፋት።
ይቺ ግን መሪ የላትም። ሁለት ዘንግ ናት፣ ግራና ቀኝ፤
አንዱን ገፋ፣ አንዱን ሳብ፤ በቆመችበት ዞራ አዞረችኝ።
ያለ መሪ መዞር እንዲህ ከቀለለ፣ አልኩ ለራሴ፣
ሠላሳ ዓመት ለምን ነበር፣ ክቡን ይዤ በላብ መበስበሴ?

በዘጠነኛው ቀን፣ አካፋዋ ጠጠሩን ስትገፋ፣
አንድ ነገር ያዛት፤ ጮኸች፤ ኋላዋ ተነሣ፤ ልቤ ጠፋ።
ወርጄ አየሁት። የቆመ ድንጋይ፤ ወንዝ ያላመጣው፣
ሰው የተከለው፣ ከሥሩ ከሰል ያለው።
አባቴ "ጠፍቷል" ብሎ ማለ፤ ከአበጋዝ አባት ጋር ተካሰሰ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ከሾላው ሥር ዱአው ፈሰሰ።
ድንጋዩ አልጠፋም። አምስት እርምጃ ወደኛ ገብቶ
ቆሟል፤ አባቴን የሚያሳጣ ምስክር፣ ከመሬት ወጥቶ።

ማንም አላየም። ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ አላጠፋሁትም፤
አንድ አካፋ ጠጠር ይበቃ ነበር። አንድ ብቻ። አልዋሽም፣
ግራ እጄ ዘንጉን ይዞ ነበር። ናፍጣው ይነዳል፣
ናፍጣ ደግሞ ዘንድሮ እንደ ማር ይወደዳል።

ሄጄ አበጋዝን ጠራሁት።
መጣ፣ ከዘራውን ተደግፎ።
ድንጋዩን አየ፤ አፈሩን በመዳፉ ጠረገለት፤ ምራቁን ዋጠ።
ስለ አባቶቻችን አንዳች ነገር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ፣
ወደ ብረቷ ዞሮ፣
"ለኪራይ ናት?" አለኝ።

"ለራሴ ናት" አልኩት። ወጣሁ፤ ዘንጎቹን ያዝኩ፤
ከዚያች ከአምስት እርምጃው ግን፣ ከእሱ ድርሻ ጀመርኩ።