ውሃ ልክ

የኬርማንን ሜዳ ከፍዬ በካሬ፣
በኮምፒውተሬ ላይ አሰጣሁት ዛሬ፤
ለአንዱ ካሬ አሸዋ፣ ለአንዱ ካሬ ሸክላ፣
ዝናቡን አስቀድሜ፣ ፓምፑን በኋላ።
መንግሥት የመዘገበው ጉድጓድ አንድ ሳይቀር
ገባ በየረድፉ፣ በሊትር፣ በሜትር።

ሠላሳ ዓመት ነዳሁት።
ካሬው ሁሉ አመነ፤ አንዱ ብቻ ካደ።
የቃሴማባድ ውሃ ከቀመሬ በታች ወረደ፤
ስሌቴ «ዘጠና ሜትር ላይ ውሃ አለ» ሲለኝ፣
የመለኪያው ገመድ መቶ አሥራ አራት ድረስ
ደርቆ ተመለሰልኝ።

አሸዋውን በሸክላ ለወጥኩ፤ ዝናቡን ቀነስኩኝ፤
ቀመሩን ሰደብኩት፤ ራሴን ወቀስኩኝ።
«ቁጥር አይዋሽም» አለኝ ፋርሃንግ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣
«የሚዋሸው መዝገብ ነው፤ ያልተጻፈ አፍ አለ።»

ያልተጻፈ አፍ።
አውቀዋለሁ።

ከፒስታሽዮው መሃል፣ ከጡብ ጎጆው ሥር፣
አስም እንዳለበት ሰው ሌት የሚያጓራ ሞተር፤
ናፍጣው እየሸተተኝ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣
በእሱው ማጓራት ነው እንቅልፍ የለመድኩት።
አያቴ ከምድር ሥር ዋሻ እየፈለፈለ
ውሃን በልመና ነበር ወደ ሜዳው ያዋለ፤
አባቴ ግን ቧንቧ ሰደደ፤ ልመናውን ተወ።
የፍሬው ዋጋ ሆነ የትምህርቴ ወጪ፣
እኔ ቀመር አዋቂ፣ የዚያው ጉድጓድ ጠጪ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበር፣ ሲባል፤
በእኛ መንደር ግን ሰው ውሃን
እያሳሳቀ ወስዶታል።

ረድፍ ሰባ ሁለት። ዓምድ አርባ አንድ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ፣
ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ ፋርሃንግ ቤቱ እስኪሄድ።
ከዚያ ጻፍኩት፦ አንድ ፓምፕ፣ ስም የለሽ፣
ከምሽቱ ሦስት እስከ ንጋት።
መስመሩም ወርዶ ወርዶ ከነጥቦቹ ጋር ገጠመ፣
የዓመታት ስህተቴ በአንድ ጉድጓድ ታከመ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማለዳ ስልኬ ጠራ።
«ማህሩኽ፣ የምሥራቁ ግንብ ተሰነጠቀ፤
ቤቱ ዘሟል፤ በሩም ከመቃኑ ራቀ።
መሬቱ ምን እንደነካው እንጃ።
ዓርብ ጡቡን አቃናለሁ፣ ጎረቤት ያግዘኛል፤
ስትመጪ ከከተማ
ውሃ ልክ ግዢልኝ፤ የእኔው ተሰብሮብኛል።»

ውሃ ልኩ እጄ ላይ ነው፣ አባዬ።
መቶ አሥራ አራት ሜትር፣
ትናንት ማታ ደግሞ በአንድ ጣት ጨምሯል።

አላልኩትም።
«እሺ» አልኩት፤
«ረጅሙን ነው አጭሩን?»